የእድሪስ አራት ግቢ

ቅናት ነክቶት የማያውቅ ሰው ካለ ይህን አያንብ፤ ጊዜውን ላባክንበት አልፈልግም። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ስሜ ሰዒድ ነው፤ ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ድንብላል ስገዛና ስሸጥ ስላረጀሁ ሰው «ሰዒድ አዝሙድ» ይለኛል። የአማርኛ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከወጣ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢንጋደድ ልጄ ዘይነባ ታቃናልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ። የማወራችሁ በአንድ ላፕቶፕ የተነሣ ስሜን ላጣ የደረስሁበትን ሳምንት ነው። ያኔ ላፕቶፕ እንደ ዛሬው በየሱቁ አልነበረም፤ ባንክና ቢሮ ስንገባ ነበር የምናየው።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የእድሪስ ሱቅ አለ። እድሪስና እኔ ቁርአን ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን የቀራን፣ በአንድ ዱላ የተገረፍን ሰዎች ነን። እሱም እንደኔ ቅመም ነጋዴ ነው። በዒድ ሥጋ እንላላካለን፣ የታመመ ቤት አብረን እንሄዳለን። ግን እሱ ሱቅ የገባ ገበሬ ሁሉ እኔን ዘልሎ የሄደ ይመስለኛል። እሱም ስለኔ እንደዚያው ነው፤ ዓይኑን አውቀዋለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምቀናበት ግቢውን ነበር። የኔ ሱቅ የቀበሌ ቤት ነው፤ በሩ መንገድ፣ ጀርባው የሰው ግድግዳ። አዝሙድ ማስጣት ስፈልግ የሰው ደጅ እለምናለሁ። እድሪስ ግን ከሱቁ ኋላ የድንጋይ አጥርና ትልቅ የቆርቆሮ በር ያለው ሰፊ ግቢ አለው። ይህ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በአያቶቻችን ዘመን እስላም ይነግዳል እንጂ ርስት አልነበረውም። ስለዚህ በእኛ ቤት መሬት የሚል ቃል ሲነሣ የሽማግሌው ሁሉ ድምፅ ይለወጥ ነበር። እድሪስ ያን ግቢ በእጁ ያስገባ ዕለት እንኳን ደስ ያለህ ብዬው መጣሁና ምሳዬን ሳልበላ ዋልሁ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ገዢ፣ አዝሙድ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው፣ ጎንደር ላይ አንድ ወኪል ሊይዝ ነው ተባለ። ዓመቱን ሙሉ የሚሰበስብለት፣ አንድ ሰው ብቻ። የታሰብነውም እኔና እድሪስ ነን። ወኪሉ ግን ላፕቶፕ ይኑረው አለ፤ የናሙናውን ፎቶና የሚጫነውን ዕቃ በየዕለቱ በኢንተርኔት የሚልክበት ፕሮግራም ራሱ ይጭንለታል። ሐሙስ መጥቼ ሁለቱንም አያለሁ ብሎ ደወለ። ስልኩን ያነጋገረችው ዘይነባ ናት፤ የሒሳብ ትምህርቷን ጨርሳ ከኔ ጋር ነው የምትሠራ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት እድሪስ ቀድሞኛል። ባንኮኒው ላይ ቀጭን፣ ብርማ ላፕቶፕ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ያበራል። የእድሪስ ሚስት ሀሊማ ነጭ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች፤ ቴሌቪዥን እንደምናለብሰው ማለት ነው። መስተዋቱና ቁልፎቹ ብቻ እንዲታዩ አድርጋ፣ ታቹንም ጎኑንም ጥብቅ አድርጋ ሰፍታዋለች፤ ከአቧራ እንዲጠበቅ፣ ከዓይንም እንዲጠበቅ። ሙሽራ ነበር የሚመስል። መንገደኛው ይቆማል፣ ያያል፣ እድሪስን ይመርቃል።

ተሻግሬ ሄድሁ። አለመሄድም ያስነውራል።

«ባለ አራት ግቢ ነው» አለኝ እድሪስ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርስ።

«አራት ምን?»

«ግቢ። የሸጠልኝ ልጅ ነው የነገረኝ። ገዢው ሰውዬም ከአራት ግቢ ያነሰ አልፈልግም ብሏል።»

ዛሬ እንደማውቀው ልጁ ያለው «ጂቢ» ነው፤ የማሽኑ አእምሮ የሚሰፈርበት። እድሪስ የፊት ጥርሱ ረግፏል፣ የኔም ጆሮ ይከብዳል። ከሱ አፍ ግቢ ሆኖ ወጣ፣ በኔም ጆሮ ግቢ ሆኖ ገባ። ያኔ የመሰለኝ በዚያ ማሽን ውስጥ አራት የተከለለ ቦታ ያለ ነው፤ አንዱ ለአዝሙድ፣ አንዱ ለአብሽ፣ አንዱ ለድንብላል፣ አራተኛው ለትርፍ። እድሪስ ከሱቁ ኋላ አንድ ግቢ አለው፤ አሁን ደግሞ በባንኮኒው ላይ አራት ጨመረ። እኔ ውሃ መድፊያ የለኝም።

በእኛ ዘንድ የሰው ሸጋ ነገር ያየ ሰው «ማሻአላህ» ይላል። ካላለ ዓይኑ ዕቃው ላይ ያርፋል ይባላል። ሀሊማ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አፌን ታያለች። እድሪስም ይጠብቃል። ቃሉ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ ከዚያ በላይ እምቢ አለ። «ቀጭን ነው» ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስሁ።

ያን ዕለትና ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍሁት አትጠይቁኝ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። እድሪስ ማሽኑን አያጠፋውም፤ ሱቁን ሲዘጋ እንኳ ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ይታያል። ዘይነባን ጠራሁና ነገ ፒያሳ ሄደን ላፕቶፕ እንገዛለን፣ የሱን የሚበልጥ ይሁን አልኋት። ለሥራ የሚበቃ ይሻላል ብላ ልትመክረኝ ሞከረች። ለሥራ የሚበቃውን ሌላ ጊዜ እንገዛለን ብዬ ዘጋኋት።

ረቡዕ ጠዋት ሙሉቀን ዘንድ ገባን። ሙሉቀን ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ የሚሸጥና የሚጠግን፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሁለት ማሽን ከፊቴ አስቀመጠ። አንዱ እንደ እድሪስ ማሽን ያለ ቀጭንና ብርማ። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ውጭ አገር ቢሮ ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ፣ ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ። እጄ ወደ ቀጭኑ ሄደ።

«አያ ሰዒድ፣ ሊሠሩበት ነው ወይስ ሰው ሊያይልዎት?» አለኝ።

«ለሁለቱም ነው» አልሁት።

ዘይነባ ጥቁሩን ገለበጠችው። በታቹ ብሎን አለው፤ ይከፈታል። ባትሪው ሲደክም ተነቅሎ ሌላ ይገባል። አእምሮውም አራት ነው፣ ባዶ ቦታ ስላለው ሌላ አራት ይጨመርበታል። የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥተን የማይሽከረከረውን ብናስገባበት ደግሞ ከአዲስ ይፈጥናል አለች። ቀጭኑ ግን ባትሪው ተጣብቆ የተዘጋ ነው፣ በቶሎም ይሞቃል። ከዚህ ሁሉ ወሬ የሰማሁት አንድ ነገር ነው።

«አራት ላይ አራት፣ ስምንት ግቢ ይሆናል?»

«ጂቢ ነው አባዬ። ግቢ አይደለም።»

«ምን ለየው?»

«መሬት አይደለማ። ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን ነገር ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ነው።»

«እኛ አዝሙድ የምንዘረጋው የት ነው?»

ዘይነባ ሙሉቀንን አየችው። «ግቢ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ግቢ ነው። ስምንት ይሁን።»

ሙሉቀን እየሳቀ ብሎኑን ፈታ፣ የቀረችውን አንዲት ባለ አራት ጨመረበት፣ ዲስኩንም ለወጠ። ከመደርደሪያው የመጨረሻዋ መሆኗን ሲናገር በጄ አልሁ፤ ለሌላ ሰው አለመትረፏ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ማሽኑን በጥቁር ቦርሳ አድርጌ በትከሻዬ አንግቼ ወደ አዲስ ዓለም ስመለስ መሬት አልነካሁም። ነገ ገዢው ሲመጣ እድሪስ አራት ሲል እኔ ስምንት ስል ይታየኝ ነበር።

ከሱቄ ደጃፍ ትክል ድንጋይ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች አንዲት ሴትዮ ከረጢቷን ከፍታ ተቀምጣለች። አዝሙዷን ሁልጊዜ ለኔ የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ስጠጋ ነጠላዋን አወረደችና ከረጢቱን ሸፈነችው።

«ምነው?» አልኋት።

«ፀሐዩ እንዳይመታው ነው አያ ሰዒድ» አለች ፊቴን ሳታይ።

ሰማዩ ደመና ነበር።

ቀና ስል ከወዲያ ማዶ ሀሊማ በር ላይ ቆማለች። ሀሊማ ከታጨች ጀምሮ እኔን «አንቱ» የምትል ሴት ናት፤ እንዴት ዋሉ አያ ሰዒድ፣ ይግቡ አያ ሰዒድ። ያን ዕለት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰዒድ፣ እንግዲህ ደስ ይበልህ። ዓይንህ በላው።»

አንቱታው መውደቁ ነው መጀመሪያ የመታኝ። ቃሉ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። የእድሪስ ላፕቶፕ ያን ጠዋት ሞቷል። ሰኞ ማን መጥቶ እንዳየው፣ ማን ምን ሳይል እንደሄደ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ለእናንተ ተራ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። የኔ ሥራ ግን ማየት ነው። አዝሙድ የሚገዛው በዓይን ነው፤ ከረጢት ውስጥ ዝቅ ብለህ፣ ጥቁረቱን፣ ድርቀቱን፣ አፈር መቀላቀሉን ታያለህ። ዓይኑ ክፉ ነው ለተባለ ሰው ከረጢቱን የሚከፍት ገበሬ ከየት ይመጣል? ሽማግሌ ሆኜ ሌላ ምን ሥራ እጀምራለሁ? ልጄስ የማን ልጅ ተብላ ሱቅ ልትይዝ ነው? ከሁሉ የከፋው ደግሞ እኔ ራሴ አመንሁት። ማሽኑ እንዲጠፋ በልቤ የተመኘሁ ሰው ነኛ። የሆነው ደግሞ የተመኘሁት ነው።

ቦርሳዬን ሳላወርድ እድሪስ ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ከነዳንቴሉ ተከድኖ ፊቱ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ሲሠራ አድሮ ጠዋት መስተዋቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ፈረንጅኛ ጻፈና ጠፋ። አልነሣም አለ።»

«ታዲያ ወስደህ አታሠራውም?»

«ሠሪ የሚያድነው አይደለም ይላሉ።»

«እነሱን ተዋቸው። አንተ ምን ትላለህ?»

የዳንቴሉን ጫፍ በጣቱ አቃና። «እኔ ምን እላለሁ ሰዒድ? ያች ቃል ጠፍታህ እንዳይደለ ግን አውቃለሁ። አብረን ነው የተማርናት።»

ስጠኝና ላሠራው አልሁት። ደግመህ ልታየው ነው ወይ አለኝ። ከነልብሱ እይዘዋለሁ፣ ዓይኔ አይነካውም፣ ካላመንኸኝ አብረኸኝ ና አልሁት። አላመነኝም፤ አብሮኝ መጣ።

በአንድ ባጃጅ ዘይነባን መሐል አድርገን ወደ ሙሉቀን ሄድን። እድሪስ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፎታል፤ እኔ እንዳላየው ወደ ውጭ ዞሬያለሁ። አዘዞ መንገድ ላይ ስንወጣ ቦርሳዬን አየ።

«ገዛህ?»

«ገዛሁ።»

«ስንት ግቢ?»

«ስምንት።»

እሱም ማሻአላህ አላለም። እሱም ወደ ውጭ ዞረ። አልዋሻችሁም፣ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

ሙሉቀን ዳንቴሉን ሲያይ ማን እንዳለበሰው ጠየቀ። እድሪስ ሚስቴ ናት፣ ከዓይን እንዲጠብቀው ነው አለ። ሙሉቀን ክሩን በመቀስ ቆርጦ ገፈፈው። ከጎኑ አንድ ወንፊት የመሰለ ነገር አሳየን፤ ማሽኑ የሚተነፍስበት ነው። ዳንቴሉ ድፍን አድርጎት ነበር። ከፍቶ በብሩሽ ሲጠርገው የጥጥ ብናኝና የአዝሙድ ዱቄት አንድ ላይ ተጋግሮ ወጣ። ስንት ሰዓት ይሠራል ብሎ ሲጠይቅ እድሪስ፣ ከሰኞ ጀምሮ አጥፍቼው አላውቅም፣ ካጠፋሁትማ ሰው ምኑን ያያል አለ።

«አያ እድሪስ፣ ከዓይን ስትጠብቁት አፍናችሁ ገደላችሁት» አለ ሙሉቀን። «ትኩሳት ነው የጨረሰው።»

ያን ቃል ስሰማ ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ። ሰማህ ወይ አልሁት እድሪስን። ሰማሁ አለኝ።

ሙሉቀን እየፈታ፣ እያጸዳ፣ እየገጠመ ብዙ ቆየ። ማሽኑ ማራገቢያውን ያሽከረክራል፣ መስተዋቱ ግን አይበራም። በመጨረሻ አንዲት አረንጓዴ ስባሪ አውጥቶ ወደ መብራቱ አነሣት። አእምሮው ተቃጥሏል፣ አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታም ሌላውም ሁሉ ደኅና ነው አለ።

«አራቱም ግቢ?» አለ እድሪስ።

«አራቱም።»

ሌላ አግባለት አለው። የለኝም፣ ከባሕር ዳር አዝዤ ዓርብ ይደርሳል አለ ሙሉቀን። ገዢው ሐሙስ ነው የሚመጣ። ጠዋት የነበረችውን አንዲት ለማን እንደሸጣት አልተናገረም። ማናቸውም ቦርሳዬን አላዩም። ዘይነባ ጫማዋን ታያለች። ባለማየታቸው ቦርሳው ትከሻዬን እየቆረጠኝ መጣ።

እድሪስ እንዲለምነኝ ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ እባክህ ሰዒድ ቢለኝ በቂዬ ነበር።

«የምትለኝ ነገር የለም?» አልሁት።

«የለም።»

«አንዲት ቃልም?»

«ሰኞ እኔ አንዲት ቃል ስጠብቅ አንተ ምን ሰጠኸኝ?»

ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምሁ። ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ ማንም አይከሰኝም። ነገ የኔ ስምንት ያበራል፣ የሱ ይጨልማል፣ ወኪልነቱ የኔ ነው። ከዚያስ? መንደሩ ምን ይላል? ሙሉቀን የተናገረውን የሰማን እኛ ብቻ ነን። የእድሪስ ማሽን ሞቶ የኔ ካሸነፈ ዓይኑ በልቶበት ቦታውን ወሰደ ነው የሚባል፤ መሐላ ብምል የሚያምነኝ የለም። ያች የትክል ድንጋይ ሴትዮ ነጠላዋን መቼም አታነሣውም። የሚከፈትልኝ ከረጢት ከሌለ ወኪል ሆኜ ምን ልሰበስብ ነው? ይህን ሁሉ አውቄ እንኳ እግሬ ወደ መንገዱ ነበር ያዘነበለው። ለእድሪስ! አንድ ሙሉ ግቢ ላለው ሰው! ከግቢዎቼ ግማሹን ቆርሼ!

«አውጣው» አልሁ።

«ምኑን?» አለ ሙሉቀን።

«ጠዋት የጨመርኸውን። ለሱ አግባለት።»

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለች ዘይነባ።

«አይደለሁም። ቶሎ በሉ።»

እድሪስ ከመቀመጫው ተነሣ። «ምነው?» አለኝ።

«ላንተ ብዬ አይደለም። ለስሜ ነው። ክፉ ነገር እንዳትናገረኝ፣ ደግም እንዳትናገረኝ።»

ሙሉቀን የኔን ጥቁሩን ገልብጦ ብሎኑን ፈታ። ጣት የምታህል ስባሪ ናት፤ ቀጠፋትና ወደዚያኛው አስገባት፤ ጠቅ አለች። የእድሪስ መስተዋት በራ። እድሪስ በዚያ ጥርስ አልባ አፉ ሳቀ። ያኔ የተሰማኝን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ሰው መልካም ሲሠራ ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ ቀናሁ። የገዛ ዕቃዬ በሰው ቤት ሲያበራ አይቼ ቀናሁ።

ሐሙስ ገዢው መጣ። የሸሚዙን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፎ የሰበሰበ፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው። የኔንም የእድሪስንም ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፕሮግራሙን ጫነ፤ ሁለቱም ተነሡ። ዘይነባ የአዝሙድ ፎቶ ላከች፣ የእድሪስ ልጅም ላከ፣ ሁለቱም ደረሰ። የኔ ዲስኩ ስለተለወጠ ቀድሞ ከፈተ፤ እኔ እንደሆንሁ ይህን ለማየት ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሰውዬው ሁለቱንም ከደናቸው።

«ግቢ ያለው የትኛችሁ ነው?» አለ።

«አራት ነው» አልሁ ቀድሜ። «ትናንት ስምንት ነበር።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። ዘይነባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የጠየቀው የጭነት መኪና የሚገባበት፣ የሚዞርበት፣ ዕቃ የሚከማችበት ግቢ ነበር። እድሪስ ሄዶ ያን ትልቁን የቆርቆሮ በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ዘይነባ በኋላ ልታጽናናኝ አልሞከረችም፤ ስምንቱም ቢኖር አናሸንፍም ነበር ብላ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ እውነት መሆኑ ግን አላበረደልኝም። ሱቄን ዘጋሁና ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ፣ ሰው ጫማውን እያደረገ ሳለ፣ እድሪስ መስጊዱ በር ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ይነፍስበታል፤ ሰው ግን ሰማው።

«ስለ ሰዒድ የተባለውን የጀመረው የኔ ቤት ነው» አለ። «ማሽኑን ያፈንነው እኛው ነን፣ በልብስ። ያስነሣው እሱ ነው፣ ከራሱ ላይ ነቅሎ። የሱ ዓይን ያረፈበትን እህል ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ።»

ሰው ወደኔ ዞረ። የሚጨብጠኝ መጣ። እኔ ግን እድሪስን እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር፤ ቦታ ለዋውጠን ቢሆን እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚስቴን ስህተት፣ የራሴን ስህተት እንዲህ ቆሜ መናገር እችል ነበር ወይ? አልችልም። ወኪልነቱን ሲወስድ ከቀናሁበት ይልቅ በዚህ ቀናሁበት።

ቅዳሜ ያች የትክል ድንጋይ ሴትዮ ከረጢቷን ከሱቄ ውስጥ ድረስ አስገብታ አፉን ፈታችው። ዝቅ ብዬ አየሁ። አፈር ነበረበት፤ አፈር አለበት አልኋት። ተጨቃጨቅን። እንደዚያ ቀን ጭቅጭቅ ጥሞኝ አያውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ምንህን ለወጠው ትለኝ ይሆናል። ቅናቴን አልለወጠውም፤ ከኔ ጋር ነው የሚቀበር። አነጋገሬን ግን ለውጦታል። ድሮ ደጄ ላይ ቆሜ በሆዴ ነበር የምቀና። አሁን መንገዱን ተሻግሬ እገባና «እድሪስ፣ በዚህ ነገር ቀንቼብሃለሁ» እለዋለሁ። እሱም የኔን ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን እየተቀናናን ሰዓቱ ያልፍና ሶላት ይደርስብናል። ላፕቶፑንም አልተውሁትም። ዘይነባ በጥቁሩ ማሽን የናሙና ፎቶ እየላከች አነስ አነስ ያሉ ገዢዎች አገኘችልኝ፤ እኔም በሁለት ጣቴ መጻፍ ተማርሁ። ይህንንም የጻፍሁት በሱ ነው። ነጋዴ የሆናችሁና ላፕቶፕ የምትገዙ ደግሞ ምክሬን ስሙ፤ ቅጥነቱን አትዩ፣ ታቹን ገልብጡና የሚከፈትና የሚጨመርበት መሆኑን እዩ፣ ማታ አጥፉት፣ ልብስም አታልብሱት።

እድሪስ በምትኩ ከባሕር ዳር ያሳዘዛት ስባሪ የመጣች ዕለት ራሱ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ሀሊማም ከኋላው ናት። አያ ሰዒድ፣ ይቀበሉን አለች። አንቱታዬ ተመልሷል።

«ያንተው ናት፤ አስገባና ስምንት ይሁንልህ» አለኝ እድሪስ።

ወረቀቱን ፈትቼ አየኋት፣ መልሼ ጠቀለልኋትና እጁ ላይ አደረግሁለት። ካንተው ማሽን ውስጥ ከኔዋ አጠገብ አስገባት አልሁት።

«ምነው ሰዒድ? አንተ በአራት ልትቀር?»

«በአራት እቀራለሁ» አልሁት። «ባለ ስምንት ሆነህ የሰው ዓይን መፍራት ምን እንደሚመስል እስቲ አንተ እየው።»